የኩርድኛ ዘዬዎችን ድምፅ እንዴት እናወዳድር? ለጎጃም አማርኛ ተናጋሪ የተዘጋጀ መመሪያ

ኩርድኛ ቱርክ፣ ኢራቅ፣ ኢራንና ሶርያ በሚዋሰኑበት ተራራማ ምድር የሚነገር፣ በአርሜንያም ተናጋሪዎች ያሉት፣ ከኢራናውያን ቋንቋዎች የሚመደብ ቋንቋ ነው። ከፋርስኛ ጋር በዘር ይዛመዳል፤ ከዐረብኛና ከቱርክኛ ጋር የሚያገናኘው ግን ጉርብትና ብቻ ነው። አጥኚዎች ብዙውን ጊዜ በሦስት ሰፊ ክፍሎች ያዩታል። የመጀመሪያው በቱርክ፣ በሶርያ፣ በአርሜንያና በሰሜናዊ ኢራቅ በዱሁክ አካባቢ የሚነገረው ሰሜናዊው ኩርማንጂ ነው። ሁለተኛው በኢራቅ በኤርቢልና በሱለይማንያ፣ በኢራን ደግሞ በማሃባድና በሰነንደጅ የሚነገረው ማዕከላዊው ሶራኒ ሲሆን፣ ሦስተኛው በከርማንሻህና በኢላም አካባቢ የሚሰማው ደቡባዊው ኩርድኛ ነው። ዛዛኛንና ጎራንኛን ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ለብቻቸው የቆሙ ቋንቋዎች አድርገው ስለሚያዩአቸው፣ ጀማሪ አጥኚ ለጊዜው ወደ ጎን ቢተዋቸው ይሻላል።

በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ ቋንቋ የሚያጠና ተማሪም ሆነ፣ በኤርቢል ሠርታ ተመልሳ ሶራኒን በጆሮዋ ይዛ የመጣች እኅት፣ እነዚህን ዘዬዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ሲፈልግ አስቀድሞ መመርመር ያለበት የገዛ ጆሮውን ነው። አማርኛ የሰጠን ጆሮ አንዳንዱን የኩርድኛ ድምፅ ያለ ምንም ድካም ይለያል፤ አንዳንዱን ደግሞ ለብዙ ጊዜ ቢያዳምጠውም ከሌላ ድምፅ ጋር ይጨፈልቀዋል። የትኛው የት እንደሚያታልለን ሳናውቅ የምንሠራው ንጽጽር የኩርዶችን ዘዬ ሳይሆን የእኛን አሰማም የሚያሳይ ይሆናል። ይህ መመሪያ ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ነጥብ ላይ የሚያተኩረው ስለዚህ ነው።

ጆሮአችን የሚያውቀውና የማያውቀው

ከሚቀልለው እንጀምር። በኩርማንጂ የላቲን አጻጻፍ ያለ ባርኔጣ (ከፊደሉ በላይ የሚደረገው የ^ ምልክት) የሚጻፈው አጭሩ «ኢ» ለእኛ ሳድስ በጣም ቅርብ ነው። «ልብ» ለማለት «ድል»፣ «ሴት» ለማለት «ዥን»፣ «ወንድም» ለማለት «ብራ» ሲሉ የጎጃም ሰው ያለ ልምምድ ይደግመዋል፤ ሳድስ በሌለው ቋንቋ ያደገ ሰው ግን «ዲል» ወይም «ዴል» እያለ ይቸገራል። ዥም ቢሆን ለእኛ ባዕድ አይደለም። በዐረብኛ ፊደል ላይ የተመሠረተው የሶራኒ ጽሑፍ ይህን አጭር አናባቢ ጨርሶ እንደማይጽፈው ማወቅ ይገባል። ተናጋሪው አናባቢው የት እንዳለ የሚያውቀው ከልምድ ነው፤ የእኛም አንባቢ አንድ የሳድስ ፊደል አናባቢ ይኑረው አይኑረው የሚያውቀው እንዲሁ ነው። ስለዚህ የሶራኒን ጽሑፍ አይተው ድምፁን አይቁጠሩ፤ ድምፁን ሰምተው ይቁጠሩ።

ሁለተኛው በጎጃም ብቻ የምናገኘው ጥቅም ነው። ኩርድኛ በእንጥል አካባቢ የሚፈጠር፣ በላቲን ፊደላቸው ከ«ከ» የተለየ ምልክት ያለው ድምፅ አለው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ያለ ጥርጥር «ቅ» ብሎ ይጽፈዋል። ነገር ግን የእኛ ቅ ፈንጂ ድምፅ ነው፤ የሚፈጠረው ትናጋ ላይ ሲሆን ማንቁርት ተዘግቶ አየሩ በግፊት ይወጣል። የኩርዶቹ ግን ከዚያ ወደ ኋላ ገባ ብሎ እንጥል ላይ የሚፈጠርና ምንም ፍንዳታ የሌለው ነው። ልዩነቱን ለመስማት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ እንጅባራ ወይም ዳንግላ ገበያ ላይ አውንግኛ የሚናገሩ ሰዎችን ማዳመጥ ይበቃል። አውንግኛ ፈንጂ ድምፆች በተፈጥሮው የሉትም፣ የእንጥል ድምፅ ግን አለው፤ ለኩርዶቹ ድምፅም ከአማርኛው ቅ ይልቅ የሚቀርበው እርሱ ነው። የአዊ ተወላጅ ጓደኛ ያለው ተማሪ ይህን ድምፅ ከእርሱ ቢማር ከማንኛውም መጽሐፍ የተሻለ መምህር አገኘ ማለት ነው።

ጆሮአችን የሚያንቀላፋባቸው ደግሞ አሉ። ሐ እና ዐ በፊደላችን ገበታ ላይ ቢኖሩም በአማርኛ ንግግር ከሀ እና ከአ ጋር ከተዋሐዱ ቆይተዋል፤ በግእዝ ንባባችንም እንዲሁ ነው። ትግርኛ ተናጋሪ ግን ዛሬም ይለያቸዋል። ኩርድኛ እነዚህ የጉሮሮ ድምፆች አሉት፤ ያሉትም በዐረብኛ ውሰት ቃላት ብቻ አይደለም። «ሰባት» ውሰት ያልሆነ፣ የኩርድኛ የራሱ የኢራናውያን ቃል ሆኖ ሳለ በኩርማንጂ «ሐፍት»፣ በሶራኒ «ሐውት» ተብሎ በጉሮሮ ሐ ይነገራል፤ በፋርስኛ ያለው አቻው ግን ተራ ሀ ነው። የላቲኑ የኩርማንጂ አጻጻፍ ሐን ከሀ አይለይም፣ የሶራኒው ጽሑፍ ይለያል። ጽሑፍ ብቻ ያየ አወዳዳሪ «ኩርማንጂ ሐ የለውም» ብሎ ቢደመድም የተሳሳተው ከዚህ የተነሣ ነው።

ድምፁን በፊደል መያዝ

ዓለም አቀፉን የድምፅ ፊደል የሚያውቅ ሰው እርሱን ይጠቀም፤ የሚሻለውም እርሱ ነው። ለማያውቀው ግን የእኛ ፊደል ጥቂት ስምምነት ከተደረገበት ለዚህ ሥራ በሚገባ ያገለግላል። ሐ እና ዐ ለእውነተኞቹ የጉሮሮ ድምፆች ብቻ ይቀመጡ፤ ሀ እና አ ለተራዎቹ ይዋሉ። ኸ በትናጋ ለሚሾልከው ድምፅ፣ ቨ ለቨ ይሁን። ግእዙን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ድምፅ፣ ለኩርድኛው አጭር «ኧ» ይጠቀሙበት፤ የኩርዶቹ አነጋገር ከእኛ ይልቅ አፍን ከፈት አድርጎ ወደ ፊት እንደሚል ግን በማስታወሻዎ ራስ ላይ አንድ ጊዜ ይጻፉት። የእንጥሉን ድምፅ ቅን በክብ ውስጥ አድርገው ይጻፉት፤ እንዲህ ካደረጉ ከሳምንት በኋላ ሲያነቡት ፈንጂ አድርገው አያስቡትም። በዚህ መመሪያ ውስጥ ያሉት የኩርድኛ ቃላት በዚሁ ስምምነት የተጻፉ ናቸው።

ማጥበቅና ማላላት ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኩርድኛ ሁለት ዓይነት «ር» አለው፤ አንዱ ምላስ አንድ ጊዜ ብቻ የሚነካበት፣ ሌላው ምላስ የሚርገበገብበት ነው። በሶራኒ «ከር» በቀላሉ ር ሲነገር አህያ ነው፤ በሚርገበገበው ር ሲነገር ደግሞ መስማት የተሳነው ማለት ነው። የሶራኒ ጽሑፍ ሁለቱን በምልክት ይለያል፤ የኩርማንጂው ላቲን ልዩነቱ በአፍ ቢኖርም ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ይጽፋል። አሁን የእኛ ጆሮ የሚሠራውን ይመልከቱ። በአማርኛ ር ሲላላ ምላስ አንድ ጊዜ ይነካል፣ ሲጠብቅ ይርገበገባል፤ «ይቆርጣል» እና «ቆረጠ» የሚሉትን ቃላት ቀስ ብለው ቢደጋግሙ በራስዎ አፍ ያገኙታል። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪ ልዩነቱን በትክክል ይሰማዋል፣ የሚሰጠው ስም ግን የተሳሳተ ነው፤ «ጠበቀ» ይላል። በኩርድኛ ጉዳዩ የመጥበቅ ሳይሆን የድምፁ ዓይነት ነው፤ የሚርገበገበው ር ቃል መጀመሪያ ላይም ይመጣል፣ በዚያ ቦታ ደግሞ ማጥበቅና ማላላት የሚባል ነገር አይነሣም። በማስታወሻዎ «ጠበቀ» የሚለውን ቃል ጨርሶ አይጠቀሙ፤ «ነካ» እና «ተርገበገበ» ብለው ይለዩት።

ፊደልን ከፊደል ሳይሆን ቃልን ከቃል

ዘዬ የሚወዳደረው አንድን ቃል በተለያየ ቦታ በማስባል ነው። «ኩርማንጂ ቨ አለው፣ ሶራኒ ወ አለው» የሚለው አባባል እውነት የያዘ ቢሆንም ብቻውን ብዙ አያስተምርም፤ በየትኞቹ ቃላት፣ በየትኛው የቃሉ ክፍል፣ ለምን የሚለውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሰሜኖቹ ውሃን «አቭ» ሲሉ ማዕከሎቹ «አው» ይላሉ። ሌሊት «ሸቭ» እና «ሸው»፣ ከንፈር «ሌቭ» እና «ሌው»፣ ስም «ናቭ» እና «ናው»፣ ዐይን ደግሞ «ቻቭ» እና «ቻው» ነው። ዝርዝሩ ሲታይ አንድ ሥርዓት ብቻ ያለ ይመስላል፤ ወደ ኋላ ሄደን ስንመረምረው ግን ምንጩ አንድ አይደለም። ፋርስኛ ውሃን «አብ» ዓይነት በሆነ ከከንፈር በሚወጣ ድምፅ ሲጨርስ ስምን «ናም» ብሎ በም ይጨርሳል። በኩርድኛ ግን የቀድሞው «ፕ» እና የቀድሞው «ም» ሁለቱም ከአናባቢ በኋላ ላልተው በአንድ ድምፅ ላይ ተገናኝተዋል። ስለዚህ የቃል ዝርዝር ሲያዘጋጁ ከሁለቱም ምንጭ ቃላት ያስገቡ፤ ከአንዱ ብቻ የተወሰደ ዝርዝር ለውጡ ምን ያህል ስፋት እንዳለው አያሳይም።

ወደ ል እንሂድ፤ ምክንያቱም ለእኔ በኩርድኛ ዘዬዎች ውስጥ ከዚህ የበለጠ ደስ የሚያሰኝ ንጽጽር የለም። ቤት በዱሁክ «ማል» ነው፤ ል እንደ እኛ ል ቀጭን ነው። በሱለይማንያም «ማል» ነው፤ ሆኖም ል እዚያ ወፍራም ነው፤ የምላስ ጫፍ ከጥርስ ጀርባ ሲያርፍ የምላሱ የኋላ ክፍል ወደ ትናጋ ከፍ ይልና ድምፁን ያጨልመዋል፤ ከእርሱ በፊት ያለው አናባቢም አብሮ ይጨልማል። ሶራኒ ቀጭኑንና ወፍራሙን ል በጽሑፍም ይለያል። ልብ፣ ዓመትና አበባ፣ ማለትም «ድል»፣ «ሳል» እና «ጉል»፣ በሶራኒ ሁሉም በወፍራሙ ል ያልቃሉ። ኤርቢል ሲደርሱ ደግሞ ወፍራሙ ል ወደ ር ይለወጣል፤ ቤት «ማር»፣ ልብ «ድር» ይሆናል። በሱለይማንያና በኤርቢል መካከል ያለው መንገድ ረጅም አይደለም፤ ሁለቱም ሶራኒ ተናጋሪዎች ናቸው፤ አንድ ኤርቢላዊ አንዲት ቃል ብቻ ተናግሮ የሚታወቀውም በዚህ ነው። እባብም በሶራኒ «ማር» ስለሚባል፣ በኤርቢል አነጋገር ቤትና እባብ በድምፅ በጣም ይቀራረባሉ። ስለዚህ ተናጋሪውን ቃሉን ለብቻው አያስብሉት፤ «ወደ ቤት እሄዳለሁ» እንደሚለው ባለ አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብተው፣ ሁሉንም ቃላት በተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ያስብሉት።

«እሄዳለሁ» ራሱ ጥሩ መለያ ነው። ኩርማንጂ ተናጋሪ «ድችም»፣ የማሃባድና የኤርቢል ሰው «ደችም»፣ የሱለይማንያ ሰው ደግሞ መነሻውን ደ አስቀርቶ «ኧችም» ይላል። በሱለይማንያ ደ ከአናባቢ በኋላ ሲመጣም ይላላል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። እንግሊዛዊው ሊቅ ዴቪድ ማኬንዚ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢራቅ ኩርዶች መካከል ተዘዋውሮ ሲያጠና ይህን የላላ ድምፅ በዛግሮስ ተራሮች ስም ጠርቶታል።

ከአናባቢዎች ውስጥ አንዱ ብቻ ሰፋ ያለ ልምምድ ይጠይቃል። «ሩቅ» በሰሜንና በማዕከል «ዱር» ሲሆን በደቡባዊው ኩርድኛ አናባቢው ከንፈር እንደ ኡ ሞጥሞጦ ምላስ ግን እንደ ኢ ወደ ፊት የሚወጣበት ነው። በዱሁክ አካባቢ የሚነገረው ባዲኒ ደግሞ የከንፈሩን መሞጥሞጥ ትቶ «ዲር» ይላል። አማርኛ ይህ መካከለኛ ድምፅ ስለሌለው፣ የከርማንሻህን ቀረጻ ሲያዳምጡ አንዴ ኡ፣ አንዴ ኢ እየመሰልዎ ሊወዛወዙ ይችላሉ፤ መወዛወዝዎ ራሱ ድምፁ ሦስተኛ ዓይነት መሆኑን የሚያመለክት ስለሆነ «ኡ/ኢ» ብለው ይጻፉት እንጂ በግድ ወደ አንዱ አይጎትቱት።

ከ እና ገ በሶራኒ ከኤ እና ከኢ በፊት ሲመጡ ወደ ላንቃ ይሳባሉ። «ማን» በኩርማንጂ «ኪ»፣ በሶራኒ «ኬ» ነው፤ የሱለይማንያው ኬ ግን በእኛ ጆሮ «ቼ» ሊመስል ይችላል። «ክፈት» ወደ «ክፈቺ»፣ «ሂድ» ወደ «ሂጂ» የሚለወጥበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ምን እየሆነ እንዳለ ወዲያው ይረዳል፤ በእኛ የሚለወጡት ት እና ድ ናቸው፣ በእነርሱ ግን ከ እና ገ ናቸው።

መሣሪያ የሚያስፈልግበት ቦታ

ጆሮ ብቻውን የማይበቃበት አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ትንፋሽ ነው። ኩርማንጂ ፐ፣ ተ፣ ከ እና ቸን በሁለት በሁለት ይለያል፤ አንዱ ከተለቀቀ በኋላ ትንፋሽ ይከተለዋል፣ ሌላው ያለ ትንፋሽ ወዲያው ወደ አናባቢው ያልፋል። ሶራኒ ይህ ልዩነት የለውም። የላቲኑ ፊደልም ልዩነቱን አያሳይም፤ ኩርዳዊው ምሁር ጀላደት በድርኻን «ሃዋር» የተባለውን መጽሔት በ1932 እ.ኤ.አ. በደማስቆ ሲጀምር ያስፋፋው ባለ 31 ሆሄያት ፊደል ለሁለቱም አንድ ሆሄ ይጠቀማል። በሶቪየት አርሜንያ ለኩርዶች የተዘጋጀው የሲሪሊክ ፊደል ግን በምልክት ይለያቸው ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ትንፋሽ የሌለውን ተ ሲሰማ «ጥ» ነው ይላል፤ ምክንያቱም ትንፋሽ የሌለው ሁሉ ለእርሱ ፈንጂ ይመስለዋል። ጎጃሜ ጆሮ ከዚህ የከፋ ወጥመድ የለበትም።

ከዚህ የሚያወጣን ፕራት የተባለው በነጻ የሚገኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ያዘጋጁት የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲዎቹ ፖል ቡርስማና ዴቪድ ዊኒንክ ናቸው፤ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል። ቀረጻውን ይክፈቱና ድምፁ ከተለቀቀበት ቅጽበት አንሥቶ የአናባቢው ነዘር እስከሚጀምርበት ድረስ ያለውን ጊዜ በመዳፊት ይምረጡት፤ ፕሮግራሙ ርዝመቱን ራሱ ይነግርዎታል። በብዙ ቋንቋዎች እንደሚታየው ትንፋሽ የሌለው ተ ከ30 ሚሊሰከንድ በታች፣ ትንፋሽ ያለው ደግሞ ከ50 በላይ ይሆናል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ የእኛ ጥም ከተለቀቀ በኋላ አናባቢው እስኪጀምር ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ክፍተት ያለው ግን ጸጥታ ነው፣ በትንፋሻማው ተ ክፍተት ውስጥ ደግሞ የአየር ሹክሹክታ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን በክፍተቱ ውስጥ ያለውንም ይመልከቱ። የራስዎን «ተራ» እና «ጠራ» ቀርጸው መጀመሪያ በእነርሱ ይለማመዱ።

ወፍራሙን ል ለማየትም ይኸው ፕሮግራም ይረዳል። ስፔክትሮግራሙ (ፕሮግራሙ ድምፁን በሥዕል የሚያሳይበት ገጽ) ላይ ሁለተኛው ፎርማንት፣ ማለትም ድምፁ ከሚጠነክርባቸው ጥቁር ቀበቶዎች ከታች ሁለተኛው፣ በወፍራሙ ል ዝቅ ብሎ ወደ መጀመሪያው ይጠጋል፣ በቀጭኑ ከፍ ብሎ ይርቃል። የፎርማንት ጣሪያውን ለሴት ተናጋሪ 5,500 ኸርዝ፣ ለወንድ 5,000 ኸርዝ ላይ ያድርጉት፤ ይህን ሳያስተካክሉ ሴትንና ወንድን ቢያወዳድሩ የሚያዩት ልዩነት የዘዬ ላይሆን ይችላል።

ቀረጻ ማግኘትና ማድረግ

መነሻ የሚሆን ድምፅ በኢንተርኔት አይጠፋም። የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ የኩርድኛ ዘዬዎችን ከብዙ መንደሮች ቀርጾ በነጻ የሚደመጥ መረጃ አዘጋጅቷል፤ ሁሉም ተናጋሪ ተመሳሳይ መጠይቅ ስለሚመልስ ለንጽጽር ከዚህ የሚመች የለም። መቀመጫውን ኤርቢል ያደረገው ሩዳው የተባለው የዜና ድርጅት በሶራኒም በኩርማንጂም ያሰራጫል፤ የቱርኩ የቴሌቪዥን ጣቢያ ቴአርቴ ኩርዲ ደግሞ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኩርማንጂ ይሰማል። ነገር ግን ዜና አንባቢ የተማረውን አነጋገር ስለሚከተል የመንደሩን ድምፅ ይደብቃል። ዜናውን ለጆሮ ማለማመጃ እንጂ ለማስረጃነት አይጠቀሙበት፤ መንገድ ላይ የሚጠየቁ ሽማግሌዎችና እናቶች የሚናገሩበት ክፍል ይሻላል።

ከሰው መቅረጽ ከቻሉ ፈቃዱን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ስሙን ሳይሆን የትውልድ ቦታውን፣ የእናቱን አገር፣ የተማረበትን ቋንቋና ዕድሜውን ይመዝግቡ። በቱርክኛ የተማረ ኩርድና በዐረብኛ የተማረ ኩርድ የጉሮሮ ድምፆችን አንድ ዓይነት ላያወጧቸው ስለሚችሉ፣ የትምህርት ቋንቋውን መዝለል አይገባም። ሱለይማንያ ቆይታ የተመለሰች አበሻ ለሥራው ታላቅ ረዳት ናት፤ ቃሉን ታውቃለች፣ ትርጉሙን ትፈታለች፣ ቅጂው ላይ የሚባለውን ትነግርዎታለች። የእርሷን አነጋገር ግን እንደ ተወላጅ ድምፅ አይመዝግቡት፤ እንደ እኛው በአማርኛ ጆሮ የተማረችው ነውና።

ስልክ ለቀረጻ ይበቃል፣ በዋቭ ፎርማትና በ44,100 ኸርዝ ከተስተካከለ። ፋይሉን በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ሰነድ ይላኩት፤ የድምፅ መልእክት ስለሚጨመቅ ትንፋሹን ይበላዋል። በሐምሌና በነሐሴ ባሕር ዳር ላይ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ አይቅረጹ፤ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ የሚያሰማው ድምፅ በስፔክትሮግራሙ ላይ የሸንና የሰን ቦታ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ብርድ ልብስ የተሰቀለበት፣ ጣሪያው ኮርኒስ ያለው ክፍል ይፈልጉ።

የተሰማውን ማመሳከር

ውጤቱን ሲጽፉ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ገጽ ይስጡ፤ በገጹ ላይ ቦታዎቹን ወደ ታች ይደርድሩ፣ ከየቦታው አጠገብ የሰሙትን በፊደል፣ የለኩትን በቁጥር ያስቀምጡ። ባዶ ቦታ ካለ ባዶውን ይተዉት፤ ከጎረቤት መንደር ገምተው አይሙሉት። ኤርቢልና ሱለይማንያ በል ላይ እንዴት እንደተለያዩ ካየን በኋላ ከጎረቤት መገመት የማያዋጣ መሆኑ ግልጽ ነው።

ከዚያ ሁለተኛ ሰው ቅጂዎቹን ያለ ቦታ ስም ያዳምጥ፤ ቢቻል ንባብ ቤት ያለፈ ሰው ይሁን። ዋሸራ ወይም ዲማ ተነሽን ከወዳቂ፣ ሰያፍን ከተጣይ ሲለይ የኖረ ጆሮ የቃሉ ክብደት የት እንዳረፈ በፍጥነት ይይዛል፤ ይህም ጠቃሚ ነው፣ ምክንያቱም በኩርድኛ የስም ክብደት አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በመጨረሻው ክፍለ ቃል ላይ ሆኖ ሰውየውን በስሙ ሲጠሩት ግን ወደ ፊት ይመጣል። ሁለታችሁ በተለያያችሁበት ቃል ላይ ማን ልክ እንደሆነ አትከራከሩ፤ ቅጂውን በፕራት ክፈቱት። እዚያም ካልለየላችሁ ሁለቱንም አሰማም ጎን ለጎን ጽፋችሁ፣ ቅጂውን ለአንድ ኩርድ ተናጋሪ አሰሙትና «ይህ ሰው ከየት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «ከኤርቢል ነው» ካለ በምን እንዳወቀ ይናገር፤ ብዙውን ጊዜ ቃሉን ደግሞ በዚያው አነጋገር እያስመሰለ ያሳያችኋል፤ ያንንም ቅረጹት።